ሁለት ደብተር ይኑርሽ

ጥያቄ፦ የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ምክንያቱን የማላውቀው ሐዘን ይጫነኛል። ቀለል የሚለኝ ማታ ዶርም ውስጥ ክራሬን ይዤ ዘፈን ስጽፍ ብቻ ነው። ትምህርቱን ትቼ ወደ ሙዚቃ ልግባ?

መልስ፦ እህቴ፣ «ቀለል የሚለኝ» ያልሽው ላይ ቆየሁ። እውነትሽን ነው። ሳኦል መንፈሱ ሲታወክ ዳዊት በገና ሲደረድርለት ያርፍ ነበር። ወፍጮ ላይ የምታንጎራጉር ሴትም ለሰው ብላ አይደለም፤ ፊት ለፊት የማይባለውን በዜማ ታወጣዋለች። አንቺም የምታደርጊው ይህንኑ ነው።

ግን አንድ ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ማጣት ሐኪም ይፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ በሙዚቃ ማከም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ዲግሪና 1,200 ሰዓት የተግባር ሥልጠና ይጠይቃል። ከታካሚው ጋር ዘፈን መጻፍም አንዱ ዘዴ ነው። ያን ያህል የሚማሩት፣ ዘፈን ቁስልን ሲነካ አጠገብ ሆኖ የሚይዝ ሰው ስለሚያስፈልግ ነው። አንቺ ብቻሽን ነሽ። ስለዚህ ራስሽን ታዘቢ። ከጻፍሽ በኋላ ቀለል ካለሽ ቀጥይ። ያው ሐዘን እየዞረ ይበልጥ ከከበደሽ ክራሩን አስቀምጪና ሰው ጥሪ። መኖር ካስጠላሽ ደግሞ ለነገ አትበይ፤ ዛሬውኑ ለምታምኚው ሰው ንገሪና አብራችሁ ሆስፒታል ሂዱ።

ትምህርቱን አሁን አታቋርጪ። እንዲህ ያለ ውሳኔ ሰው ሲከፋው አይወሰንም። መማር ካቃተሽ የካምፓሱ ክሊኒክ ሄደሽ ተመርመሪ። በሕመም ምክንያት ዊዝድሮዋል (ትምህርት ለጊዜው የማቋረጫ ቅጽ) ሞልቶ ተመልሶ መማር ስለሚቻልበት መንገድ ሬጅስትራርን ጠይቂ።

ሙዚቃውን በተመለከተ ሁለት ደብተር ያዢ። አንዱ ያንቺ ብቻ ነው፤ ለማንም አይታይም። ሁለተኛው የሙያ ነው። አንድ ሐሳብ በትዝታ ቅኝት ሞክሪው፣ ያንኑ በባቲ ድገሚው፣ ለጓደኛ አሰሚ፣ ሰርዢ። ግጥም ገበያ ሲወጣ ድምፃዊው «ይህን ስንኝ ቀይሪው» ይላል፣ አቀናባሪው ይቆርጣል። ስንኙ ከትኩስ ቁስልሽ የወጣ ከሆነ የተቆረጥሽ ይመስልሻል። ብዙ ጎበዝ ልጅ እዚህ ላይ ይሰበራል፣ እኔም የምፈራልሽ ይህን ነው።

አካውንቲንጉንም አትናቂው። የግጥምና ዜማ ደራሲ መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ተደንግጓል። ውል አንብባ ድርሻዋን የምታሰላ ደራሲ በቀላሉ አትሸወድም። ተሽሎሽ ከተመረቅሽም በኋላ ልብሽ ያው ከሆነ ስለ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት እንነጋገራለን።

በዚህ ሳምንት ክሊኒክ ሂጂና ያሉሽን ጻፊልኝ። ከሁለተኛው ደብተርም አንድ ግጥም ላኪልኝ። የመጀመሪያውን ግን ለኔም አታሳዪኝ።