ሥራዬ ሁከት ማጥናት ነው፤ ጠይቁኝ

የሰው ሁከት አይደለም፤ የውሃ፣ የአየርና የፕላዝማ (ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶች ያሉበት ጋዝ) ነው፤ በሙያችን ተርቡለንስ እንለዋለን። የፊዚክስ ተመራማሪ ነኝ። የጀመርኩት በቤተ ሙከራ ነበር፤ ኋላ ፊቴን ወደ ፀሐይ ነፋስ፣ ከፀሐይ ወደ ጠፈር ወደሚፈሰው ፕላዝማ፣ አዞርኩ። ጥያቄዎቹን በመጡበት ተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ተርቡለንስ የምትሉት አውሮፕላን የሚያንገጫግጨውን ነው?

መልስ፦ እሱም አንዱ ነው። ግን ከቧንቧችሁም ይወጣል። ቧንቧውን በትንሹ ስትከፍቱት ውሃው ጥርት ብሎ ይወርዳል፤ የቆመ ነው የሚመስለው። ጨመር ስታደርጉት ይንቦጫረቃል። ኦስቦርን ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1883 ይህንኑ በመስታወት ቱቦ አሳየ። በውሃው መሃል ቀጭን የቀለም ክር ለቀቀ። ውሃው ዝግ ሲል ክሩ ሳይበጠስ ይሄዳል፤ ሲፈጥን ድንገት ተበታትኖ ቱቦውን በሙሉ ያቀልመዋል። መቼ እንደሚበታተን የሚጠቁመው ቁጥር ዛሬ በስሙ ይጠራል። በቱቦ ውስጥ 2,000 አካባቢ ሲደርስ ነገር መበላሸት ይጀምራል።

ጥያቄ፦ ያልተፈታ ችግር ነው ይባላል። እኩልታው የለም ማለት ነው?

መልስ፦ የፈሳሽና የአየር ፍሰት እኩልታውማ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አለ፤ ናቪየር ስቶክስ ይባላል። ጣጣው መፍታቱ ላይ ነው። መፍትሔው ሁልጊዜ ለስላሳ ሆኖ ይዘልቃል ወይስ የሆነ ቦታ ላይ ይፈነዳል፣ ማለትም ቁጥሩ ወሰን ያጣል? ይህን በሒሳብ ያረጋገጠ የለም። የክሌይ የሒሳብ ተቋም በ2000 ለዚህ 1 ሚሊዮን ዶላር መድቧል። እኔ አልሞከርኩትም፤ ልኬን አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ ሁሉም ነገር ዝብርቅርቅ ከሆነ ምኑን ነው የሚያጠኑት?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ወደድኩት። እያንዳንዷን ጠብታ መከተል አይቻልም። ጉልበቱ ወዴት እንደሚሄድ መከተል ግን ይቻላል። ባልዲ ውሃ በእጃችሁ ስታማስሉ አንድ ትልቅ አዙሪት ይነሳል። ትልቁ ትንንሾችን ይወልዳል፤ እነሱም ከነሱ ያነሱትን። መጨረሻ ላይ አዙሪቱ በጣም ሲያንስ የውሃው የውስጥ ሰበቃ ይይዘዋል፤ ጉልበቱም ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ ኮልሞጎሮቭ በ1941 ጉልበቱ ከትልቅ ወደ ትንሽ አዙሪት ሲወርድ በምን ያህል እንደሚቀንስ አሰላ። ግራፉ ላይ ቀጥ ያለ ተዳፋት ሆኖ ይታያል፤ ቁጥሩ 5/3 ነው። በ1962 የታተመ ልኬት ካናዳ ውስጥ ውሃው በኃይል በሚጎርፍበት የባሕር መተላለፊያ ያንኑ ተዳፋት አገኘ።

ጥያቄ፦ ከቤተ ሙከራ ወደ ጠፈር ምን ወሰደህ?

መልስ፦ ሽቦ! የአየር ፍሰት የምንለካው ከፀጉር በቀጠነ የጋለ ሽቦ ነው። ነፋሱ ምን ያህል እንዳቀዘቀዘው አይተን ፍጥነቱን እናሰላለን። ሽቦው ግን አቧራ ሲነካው ብጥስ ይላል። በመጀመሪያው ዓመት ስንቱን እንደበጠስኩ አትጠይቁኝ። አንድ ቀን ባልደረባዬ ከመንኮራኩር የመጣ ዳታ አሳየኝ። ያው ተዳፋት! በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር አምስት ያህል ፕሮቶኖች ብቻ ባሉበት፣ በሴኮንድ 400 ኪሎ ሜትር በሚከንፍ ነፋስ ውስጥ። በዚያው ቀረሁ።

ጥያቄ፦ እንዲህ ባዶ ከሆነ ሰበቃው ከየት ይመጣል?

መልስ፦ ዕድሜዬን የበላው ጥያቄ ይሄ ነው። እዚያ አንድ ፕሮቶን ከሌላው ጋር ሳይጋጭ ከፀሐይ እስከ ምድር ያለውን ያህል ርቀት፣ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር፣ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ እኛ የምናውቀው ሰበቃ የለም። ግን የፀሐይ ነፋስ እየተስፋፋ ሲሄድ መቀዝቀዝ የነበረበትን ያህል አይቀዘቅዝም፤ የናሳ መንኮራኩር ቮየጀር 2 ይህንን ለክቷል። አንድ ነገር ጉልበቱን ወደ ሙቀት እየቀየረው ነው። ምድር አካባቢ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው አዙሪቶች ላይ ስንደርስ ተዳፋቱ ድንገት ይቆለቁላል። ሥራው የሚሠራው እዚያ ነው። ገሚሶቻችን በፕላዝማው ውስጥ ያሉ ሞገዶች ለፕሮቶኖቹ ጉልበት ያቀብላሉ እንላለን። ገሚሶቻችን ደግሞ መግነጢሳዊ መስመሮች ተበጥሰው በሚቀጠሉባቸው ስስ ንጣፎች ላይ ነው እንላለን። እኔ ወደ ንጣፎቹ አደላለሁ።

ጥያቄ፦ ፓርከር ሶላር ፕሮብ ምን ጨመረላችሁ?

መልስ፦ ቅርበት። ዩጂን ፓርከር ይህ ነፋስ መኖሩን በ1958 ተነበየ፤ በ2018 በስሙ የተሰየመችው መንኮራኩር ስትመጥቅ በ91 ዓመቱ ቆሞ አየ። በታኅሣሥ 2024 ከፀሐይ ገጽ 6.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ድረስ ቀርባለች። እዚያ መግነጢሳዊ መስኩ በድንገት ይገለበጥና መልሶ ይቃናል። መነሻው ገና እያከራከረን ነው።

ጥያቄ፦ የሚያሳፍርህ ስህተት አለ?

መልስ፦ አለ እንጂ። ግራፌ ላይ አንዲት ጉብታ አየሁ። አዲስ ሞገድ ነው ብዬ ሦስት ወር ሙሉ ተንገበገብኩ፤ ጽሑፉን ሁሉ ጀምሬ ነበር። አንድ አዛውንት ባልደረባዬ አየት አደረጉና «መንኮራኩሩ በስንት ሴኮንድ ነው በራሱ ዙሪያ የሚዞረው?» አሉኝ። ልክ በጉብታዋ! አዲስ ሞገድ ያልኩት የመንኮራኩሩ ሽክርክሪት ነበር።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ፤ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ፉሪየር ትንተና (አንድን ልኬት ወደ ሞገዶች የሚከፋፍል ሒሳብ) እና ፕሮግራሚንግ ተማሪ። የናሳ መንኮራኩሮች ዳታ በነጻ ይገኛል። የአንድ ቀን የመግነጢሳዊ መስክ ልኬት አውርጂና ተዳፋቱን ራስሽ አውጪው። ጉብታ ካየሽ ደግሞ መጀመሪያ የመንኮራኩሩን ሽክርክሪት አጣሪ።