ሐምሌ ላይ ጅቡቲ? ከእኔ ተማሪ

እህቴ፣ «ሐምሌ ላይ እረፍት አለኝ፤ ጅቡቲ ሄጄ ባሕሩንም አሳል ሐይቅንም ልይ፣ ምን ልያዝ?» ብለሻል። ሻንጣውን ተይውና ወሩን ቀይሪ። እኔም እንዳንቺው ከአዲስ አበባ ዝናብ ላመልጥ ብዬ ነው ጉድ የሆንኩት።

1. የእኛ ክረምት የእነሱ እሳት ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ኸምሲን የሚሉት ነፋስ ከምዕራብ፣ ከየብሱ በኩል አቧራ ይዞ ይመጣል። ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል። ከኅዳር እስከ የካቲት ግን ነፋሱ ከባሕር ነው፤ 25 ዲግሪ ገደማ፣ ሰው ይወጣል ይገባል።

2. ዌል ሻርክ አሳይሻለሁ ለሚልሽ ቀብድ እንዳትሰጪ። የተበላሁት እዚህ ላይ ነው። ያ ነጠብጣባም ግዙፍ ዓሣ (ሰው አይነካም፣ ምግቡ ፕላንክተን ነው) ታጁራ ባሕረ ሰላጤ በብዛት የሚታየው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። አስጎብኚዬ ይህን እያወቀ ሐምሌ ላይ ገንዘቤን ቆጥሮ ተቀበለኝ። ሦስት ሰዓት ጀልባ ላይ ተጠብሼ ስመለስ «ባሕር እኮ የአራዊት ግቢ አይደለም» አይለኝ መሰለሽ! ገንዘቤን ስጠይቀው ስልክ ማንሳት ተወ።

3. አሳል በማለዳ። እኔ ከሰውዬው ጋር ስጨቃጨቅ አርፍጄ እኩለ ቀን ላይ ደረስኩ። ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ያለ ጎድጓዳ ነው፤ በአፍሪካ ከእሱ ዝቅ ያለ ቦታ የለም። የባሕር ውሃ በእሳተ ገሞራው ድንጋይ ስንጥቅ ሰርጎ ይገባል፣ መውጫ የለውም፣ ይተናል፣ ጨው ይቀራል። ዳር ላይ ጨዉ እንደ ሽንብራ ተድቦልቡሏል። ለስላሳ መስሎኝ ጫማዬን አወለቅኩ። ሁለት እርምጃ ሳልሄድ ተረከዜ ተሰነጠቀ። በቁስል ላይ እንጨት ይባላል፤ የእኔው ጨው ሆነ።

4. ይሄንን ማንም አልነገረኝም፣ ራሴ ነኝ ያገኘሁት። እግሬን አስሬ በዚያው ቀን ወደ ጎዳ ተራራ ወጣሁ። 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ደይ የሚባል ደን አለ፤ ዛፉ የእኛው የሐበሻ ጽድ! ብዙው ደርቆ ቆሟል፣ ያሳዝናል። ከጅቡቲ ውጪ የትም የሌለ ቆቅ የሚኖረውም እዚያ ነው። እኔ ድምፁን እንኳ አልሰማሁም። ግን ቀን የተጠበስኩት ሰውዬ ማታ ነጠላ ደረብኩ።

አለቃሽ ኅዳር ላይ ፈቃድ ከከለከለሽ ባሕሩን ተይው፤ በቀጥታ ወደዚያ ውጪ።