ለዋልካ አፈር የሚስማማ የአበባ መትከያ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ አባላት፣ የምኖረው ጎንደር አዘዞ ሲሆን የግቢዬ አፈር ጥቁር ዋልካ ነው። ውጭ አገር ያለችው እህቴ፣ እንደ ሽንኩርት ራስ ያላቸውን አበቦች ለመትከል የሚያገለግል፣ እንደ ጣሳ ክብ የሆነና ላይና ታቹ ክፍት የሆነ መትከያ ልካልኝ ነበር። በሐምሌ ግላዲዮለስ ልተክልበት ብሞክር ጭቃው ውስጡ ተጣብቆ አልወጣ አለኝ፤ ከተከልኳቸውም ገሚሶቹ በስብሰው ቀሩ። ጥፋቱ የመሣሪያው ነው ወይስ የእኔ? ሌላ ልግዛ ወይስ አንጥረኛ ዘንድ ላሠራ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የተላከልዎ መትከያ መጥፎ ዕቃ አይደለም፤ የሚያገለግለው ግን ለልል አፈር ነው። ሥራው ክብ የአፈር ቁራጭ ቆርጦ ማውጣት ነው፤ የአበባው ራስ በጉድጓዱ ከተቀመጠ በኋላ ያው አፈር ተመልሶ ይከደንበታል። ይህ እንዲሳካ አፈሩ እርጥበት እንደያዘ የሚፈረፈር መሆን አለበት። ዋልካ ደግሞ ሲርስ ከብረት ጋር ይጣበቃል፣ ሲደርቅም ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ለሥራ የሚመቸው በሁለቱ መካከል ያለው አጭር ጊዜ ብቻ ነው።

ስለ መበስበሱ ግን ከመሣሪያው አስቀድመን የጉድጓዱን ግድግዳ ብንመለከት ይሻላል። እርጥብ ዋልካ በብረት ተጭኖ ሲጠመዘዝ፣ ግድግዳው የወለቃ ሸክላ ሠሪ በእጇ እንዳለሰለሰችው ማሰሮ ይደፈናል፤ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብም እዚያው ይታቆርና የአበባው ራስ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። የሾለ እንጨትም ከዚህ አይሻልም። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት በሾለ እንጨት እየበሳሁ ተክዬ፣ አልበቅል ያሉትን ቆፍሬ ባያቸው፣ ራሶቹ ጠባቡ ጫፍ ላይ ሳይደርሱ መሐል ላይ ተንጠልጥለው፣ ከሥራቸው ውሃ ያዘለ ባዶ ቦታ ቀርቶ አገኘሁ። የጉድጓዱ መቀመጫ ጠፍጣፋና የላላ መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ጠባብ የእጅ አካፋ እንዲያሠሩ ነው። ከላሜራ ተቆርጦ የተበየደ አይውሰዱ፤ ዋልካው ውስጥ ገብቶ ሲነቀነቅ አንገቱ ላይ ይታጠፋል። ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ፣ ምላሱና አንገቱ ሳይበየድ ከአንድ ብረት እንዲቀጠቀጥ ለአንጥረኛው ይንገሩት። ምላሱ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋትና 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ቢኖረው፣ እጀታውም ወይራ ቢሆን መልካም ነው። ሲረከቡት በጡጫዎ ጨብጠው፣ ጫፉን መሬት ላይ ተክለው ወደ ጎን ይግፉት፤ እጀታው ውስጥ ከተወዛወዘ ይመልሱት። ከዚያም በሞረድ በ5፣ በ10 እና በ15 ሴንቲ ሜትር ላይ ጭረት ያስወጡበት፤ ይህች ትንሽ ሥራ ጥልቀትን ከመገመት ታድንዎታለች።

ከመትከልዎ በፊት ጭብጥ አፈር ወስደው በመዳፍዎ መካከል ያሽከርክሩት። ሳይሰበር እንደ ገመድ ከተሳበ ገና ጭቃ ነውና ይታገሡ፤ በጣት ሲነካ ከተፈረፈረ ሥራ ይጀምሩ። ክረምቱ ሳይጠነክር፣ በግንቦት ዝናብ መካከል ፀሐይ የወጣባቸውን ቀናት መጠቀም ከሐምሌ ጭቃ እጅግ ይሻላል። መደቡንም ከመሬቱ ከፍ አድርገው፣ ብስባሽ ቀላቅለው ያዘጋጁት፤ ለዋልካ ከማንኛውም መሣሪያ የሚበልጠው መድኃኒት ይህ ነው። አካፋውን ቀጥ አድርገው ወደ ታች ይውጉና ወደ ራስዎ ይሳቡት፤ መቀመጫውን በጫፉ ቆፈር ቆፈር አድርገው ያላሉና የግላዲዮለሱን ራስ የሚያቆጠቁጥበትን ወደ ላይ አድርገው ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ያሳርፉት። አፈሩን ሲመልሱ በመዳፍ ጫን ማድረግ ይበቃል፤ በእግር አይርገጡት። የሚተክሉት አማሪሊስ የተባለው አበባ ከሆነ ግን ይህን ያህል ጥልቅ አያድርጉት፤ አንገቱ ከአፈር በላይ መቅረት አለበት።

ስለ ግላዲዮለስ ካነሱልኝ፣ ነጭ አበባው መሐሉ ላይ ጠቆር ያለ ሐምራዊ ምልክት ያለበት፣ መዓዛው ደስ የሚል አንድ ዝርያ የገዛ አገራችን ተወላጅ ነው። በአውሮፓ የአትክልት ስፍራዎች በፍቅር የሚተከለውን ይህን አበባ በጎንደር ግቢዎችም በብዛት ባየው እጅግ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ በዚህ ዓይነት የእጅ አካፋ ነጭ ሽንኩርትም መትከል ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ነገር ግን አያስፈልግም። መደቡ ከለሰለሰ በመኮትኮቻ ጠርዝ ቦይ ስበው፣ ፍልቃቂዎቹን ሹል ጫፋቸውን ወደ ላይ አድርገው በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት በእጅዎ ይደርድሩና ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር አፈር ያልብሷቸው። አካፋውን ለአበቦቹ ያቆዩት፤ ከሥራ በኋላም ጭቃው ሳይደርቅበት ጠርገው፣ እጀታውን የተልባ ዘይት ይቀቡት።