ቶርኔዶ ወደ መታው ከተማ ልብስ ጭነን እንሂድ ወይ ላልሽው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አጠገባችሁ ያለውን ከተማ ቶርኔዶ፣ ያ እየተሽከረከረ የሚመጣው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ፣ መትቶታል። ከጓደኞችሽ ጋር ልብስና ምግብ ሰብስባችሁ ነገ በጠዋት በመኪና ልትሄዱ ነው። ከዚያ በፊት ግን "የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ምን ይመስላሉ? እኛስ እንጠቅማለን ወይ?" ብለሻል። እኔ የምሠራው አምቡላንስ ላይ ነው፤ የምኖረውም ቶርኔዶ በሚበዛበት የአሜሪካ ክፍል ስለሆነ እንዲህ ያለ ጥሪ በተደጋጋሚ ደርሶኛል። መልሴ ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ።

አጭሩ መልስ ይኸውልሽ፦ ነገ አትሂዱ። ትጠቅማላችሁ፣ በጣም ትጠቅማላችሁ፣ ግን ነገ አይደለም፤ በልብስም አይደለም።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ እንዲገባሽ ከመጀመሪያዋ ሰዓት ልነሳ። ማስጠንቀቂያው ከተነገረ በኋላ ሰው ለመሸሸግ የሚያገኘው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ነፋሱ አንድን ቤት አልፎት ለመሄድ ደግሞ አንድ ደቂቃ እንኳን አይፈጅበትም። የቶርኔዶ ኃይል ከሚለካባቸው ደረጃዎች ኢኤፍ 5 የሚባለው የመጨረሻው በሰዓት ከ322 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነፍስ ነው፤ መሠረቱን ብቻ አስቀርቶ ቤቱን ሙልጭ አድርጎ ይወስደዋል። እኛ ስንደርስ መጀመሪያ የሚያደናግረን ቁስለኛው አይደለም፣ መንገዱ ነው። ዘወትር የምመላለስበት መንገድ ላይ ቆሜ የት እንዳለሁ የጠፋብኝ ጊዜ አለ። የመንገድ ስም የተጻፈበት ምልክት የለም፣ ዛፉ የለም፣ ጥግ ላይ የነበረው ማደያ የለም። ስልኩ "ደርሰዋል" ይላል፣ ፊት ለፊት ያለው ግን የእንጨትና የቆርቆሮ ክምር ነው። መሬቱ ሚስማር በሚስማር ስለሆነ የመኪና ጎማ ወዲያው ይተነፍሳል። ስለዚህ መሣሪያችንን ተሸክመን በእግር እንገባለን።

ሽታውን አልረሳውም። ጋዝ፣ የተሰነጠቀ ጥድ፣ እርጥብ አፈር፣ ሁሉም አንድ ላይ። ከቤት ግድግዳ ውስጥ የወጣው ሮዝ ጥጥ የሚመስል ነገር ዛፍ ላይ፣ አጥር ላይ፣ ሰው ላይ ተለጥፏል። የተጎዱት ሰዎች ከጭቃው ጋር ስለተለወሰባቸው ፊታቸው አይለይም። ወንድሙ አጠገቡ ቆሞ ሳለ ሳይለየው ስሙን እየጠራ ሲፈልገው ያየሁት ሰው አለ።

አሁን ዋናው ነገር። እኛ ስንደርስ ሥራው ተጀምሮ ነው የምናገኘው። የጀመሩት ጎረቤቶች ናቸው። በመኪና ክሪክ ግድግዳ ያነሳሉ፣ በር ገንጥለው ቃሬዛ ያደርጋሉ፣ ቁስለኛውን ፒካፕ ላይ ጭነው ይወስዳሉ። ሜይ 22 ቀን 2011 ጆፕሊን፣ ሚዙሪ ውስጥ ወደ 160 ሰው የገደለው ቶርኔዶ ከተማውን ሲመታ አንዱን ትልቅ ሆስፒታል ራሱን ክፉኛ ጎድቶ ከአገልግሎት ውጭ አድርጎታል፤ ብዙ ቁስለኛም ሕክምና ጋ የደረሰው በአምቡላንስ ሳይሆን በሰው መኪና ነበር። ይህ የጆፕሊን ብቻ አይደለም። የትም ቢሆን መጀመሪያ የሚያድንሽ አጠገብሽ ያለው ሰው ነው።

ምክንያቱ ቅርብ መሆኑ ብቻ አይደለም። ያውቃል። አንድ ቤት ጋ ስንደርስ ባልደረቦቼ በመኝታ ክፍሉ በኩል ፍርስራሹን ማንሳት ጀምረው ነበር፤ ማታ ስለሆነ ሰው የሚገኘው እዚያ ነው ብለን። አንድ ሰውዬ መጣ፣ ባዶ እግሩን ነው፣ አንዱን እግሩን በፎጣ ጠቅልሎታል። "እዚያ የለችም" አለን። "ጉልበቷን ስለሚያማት አልጋ ላይ አትተኛም፣ ሳሎን ሶፋው ላይ ነው የምትተኛው። ሲሪን ሲጮህ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ያለው ኮት መስቀያ ቁም ሳጥን ውስጥ ትገባለች፤ ትራስና ራዲዮ እዚያ ታስቀምጣለች።" ወደ ኮሪደሩ ዞርን። ቁም ሳጥኑ ተጣሟል እንጂ አልተሰበረም። አሮጊቷ ትራሱን ጭንቅላታቸው ላይ ይዘው ተቀምጠዋል። ያንን የነገረን ውሻም ማሽንም አይደለም። ቡና ለመጠጣት ቤታቸው ይገባ የነበረ ጎረቤት ነው።

ለዚህ ነው የቦታው ሰው ያለው እውቀት ከእኛ መሣሪያ ይበልጣል የምለው። አንድ ሰፈር ጎረቤቱን የሚያውቅ ሰው ካለው ፍለጋው በብዙ ያጥራል። ማንም የማያውቀው ተከራይ የነበረበት ቤት ግን እያንዳንዱ ክፍል እስኪታይ ድረስ ይፈጃል። የተፈተሸውን ቤት በቀለም ምልክት እናደርግበታለን፣ ሌላ ቡድን እንዳይደግመው። በዚያ ምልክት አጠገብ "ሁለት ሰው ይኖርበታል፣ ሁለቱም ወጥተዋል" ብሎ የሚነግረን ሰው ማግኘት ለእኛ እፎይታ ነው።

ታዲያ ከውጭ በቅን ልብ የሚመጣው ሰው በዚያን ሰዓት ምን ያደርጋል? ይህን ስል ማንንም ለማስከፋት አይደለም። መንገድ ይዘጋል። ከፍርስራሽ ስር ሰው ስንፈልግ ሁሉም ሥራ የሚቆምበት ጊዜ አለ። ሞተር ይጠፋል፣ ሰው ሁሉ ዝም ይላል፣ ከስር የሚያንኳኳ ወይም የሚያቃስት አለ ወይ ብለን ጆሯችንን እንሰጣለን። ከኋላ ሃያ መኪና ሞተሩን እያስነሳ ከተሰለፈ ያ ድምፅ አይሰማም። አምቡላንስ በአንድ መስመር ብቻ በተጠረገ መንገድ ላይ ልብስ ከጫነ መኪና ጋር ፊት ለፊት ሲገጣጠም አይቻለሁ፤ ማን ወደ ኋላ ይመለስ ተብሎ ስንከራከር ውስጥ ያለው በሽተኛ ይጠብቃል።

አደጋውም አለ። የወደቀ የኤሌክትሪክ ገመድ ሞቷል ብለሽ እንዳትረግጪ፣ አንዳንዴ አንድ ሰው ቤቱ ጀነሬተር ስላስነሳ ብቻ ገመዱ ላይ ኃይል ይመለሳል። ጀነሬተር ቤት ውስጥ ወይም ጋራዥ ውስጥ የሚያስነሳ ካየሽ አስወጪው። ከጀነሬተሩ የሚወጣው ሽታ የሌለው ጋዝ ከነፋሱ የተረፈን ቤተሰብ ተኝቶ ሳለ ይገድላል። ከባድ ነገር ለረጅም ሰዓት እግሩ ላይ የተጫነበት ሰው ካገኘሽ ደግሞ፣ እየደማ ወይም መተንፈስ አቅቶት ካልሆነ በቀር፣ ዝም ብለሽ አታንሺለት፤ የተጨፈለቀው ሥጋ ውስጥ የተጠራቀመው ነገር በድንገት ወደ ደም ሲገባ ልብ ሊያቆም ይችላል። ሐኪም ወይም አምቡላንስ ሠራተኛ አጠገቡ ሆኖ ነው የሚነሳው። ቁስልም ቀላል አይደለም። በጆፕሊን ከአፈርና ከእንጨት ስብርባሪ ጋር ቁስል ውስጥ በገባ ሻጋታ 13 ሰዎች ታመው 5ቱ ሞተዋል። ከአደጋው ተርፈው ማለት ነው። ስለዚህ ትንሽ ጭረት እንኳን ቢሆን በንጹህ ውሃ በደንብ ይታጠባል፣ የቴታነስ ክትባትሽ የቆየ ከሆነ ሳትሄጂ በፊት አድሺው።

ወደ ልብሱ ልምጣ። ይሄ በጣም የሚያሳዝነኝ ነገር ነው፣ ምክንያቱም የሚሰጠው ሰው ከልቡ ነው። ከአደጋው በኋላ ባሉት ቀናት ልብስ በመኪና በመኪና ይመጣል። የክረምት ካፖርት በበጋ፣ ነጠላ ጫማ አንድ እግር ብቻ፣ የሠርግ ቀሚስ ሁሉ አይቻለሁ። የሚቀበለው ሰው የለም፣ የሚለየው የለም፣ የሚቀመጥበት ደረቅ ቦታ የለም፤ የቆመ ጣሪያ ካለ ሰው ነው የሚተኛበት። አንድ የመኪና ማቆሚያ ላይ ክምሩ ዝናብ መትቶት ሻግቶ በመጨረሻ በአካፋ ወደ ቆሻሻ መኪና ተጫነ። እዚያው አጠገብ አንዲት ሴት የስኳር መድኃኒቷ ከማቀዝቀዣው ጋር ስለጠፋባት ሰው ትጠይቃለች። የጠየቀችው ኢንሱሊን ነው። ሌላው የሚፈልገው መነጽር ነው፣ ሌላው የልጅ ዳይፐር በትክክለኛው ቁጥር፣ ሌላው ስልክ ቻርጅ የሚያደርግበት። ይህንን ከሩቅ ሆኖ መገመት አይቻልም፤ መጠየቅ ነው።

ገንዘብ ለዚህ ነው የሚሻለው። እዚያው አካባቢ ያልተመታ ሱቅ ካለ ሰውየው የሚያስፈልገውን እሱ ራሱ ይገዛል፣ ሱቁም ይሠራል። ለማን እንስጥ ካልሽኝ፣ ከአደጋው በፊትም እዚያ የነበረ፣ ከአደጋው በኋላም የሚቆይ ቤተ እምነት ወይም የእርዳታ ማኅበር ፈልጉ። ትናንት የተከፈተ ገጽ ላይ አትላኩ።

ታዲያ መቼ እንሂድ? የከተማው አስተዳደር የበጎ ፈቃደኛ መመዝገቢያ ይከፍታል፣ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ። እዚያ ተመዝገቡ፣ ሲጠሯችሁ ሂዱ። መመዝገቡ ወረቀት ለማብዛት አይደለም። የት እንዳላችሁ ይታወቃል፣ ሁለት ቡድን አንድ ግቢ ላይ አይደራረብም። አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ፦ አደጋው የፌዴራል እርዳታ ካገኘ መንግሥት የከተማውን የጽዳትና የጥገና ወጪ ቢያንስ 75 በመቶ ይሸፍናል፣ ቀሪውን ክፍለ ሀገሩና ከተማው መሙላት አለባቸው። በጎ ፈቃደኞች የሠሩት ሰዓት በትክክል ከተመዘገበ በገንዘብ ተተምኖ ከዚያ ቀሪ ክፍያ ላይ ሊቀነስላቸው ይችላል። የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት ሳትፈርሙ አትውጡ። ላባችሁ ለከተማው ገንዘብ ነው።

ሥራው ራሱ ከባድ ነው፣ ግን ይለመዳል። ፍርስራሽ ወደ መንገድ ዳር ማውጣት፣ ጣሪያ ላይ ሸራ መወጠር፣ የወደቀ ዛፍ መቁረጥ። የሞተር መጋዝ ይዛችሁ የማታውቁ ከሆነ እዚያ አትጀምሩ። ስታነሱ ቀስ በሉ። ለናንተ ቆሻሻ የሆነው ለባለቤቱ የመጨረሻው ፎቶ ሊሆን ይችላል፤ ፎቶ፣ ወረቀት፣ ቀለበት ካገኛችሁ ለብቻ አስቀምጡ። ሰውየው ማውራት ከፈለገ ደግሞ አካፋውን አስቀምጣችሁ ስሙት። ሥራው ይደርሳል። የፈረሰ ቤት ፎቶ እያነሱ መለጠፍ ግን እባካችሁ ይቅር፣ ቤቱ የሰው ነው።

ከዚያ የሚመጣው ጊዜ ነው ሰው የሚጠፋው። የመጀመሪያው ሳምንት ሰው ይጎርፋል፣ ካሜራ ይጎርፋል። በወሩ ማንም የለም። ያኔ ነው ሰዎቹ ከወረቀት ጋር የሚታገሉት። ኢንሹራንስ ያለው ከኢንሹራንሱ ጋር፣ የሌለው ከፌማ፣ ማለትም በአደጋ ጊዜ እርዳታ ከሚሰጠው የአሜሪካ ፌዴራል መሥሪያ ቤት ጋር። የፌማ ማመልከቻ ብዙውን ጊዜ አደጋው በይፋ ከታወጀ በኋላ 60 ቀን ነው ያለው። መጀመሪያ "አይገባዎትም" የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ብዙ ጊዜ ግን የጎደለው አንድ ፊርማ ወይም ቤቱ ውስጥ ይኖር እንደነበር የሚያሳይ አንድ ማስረጃ ነው፤ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለትም ይቻላል። እንግሊዝኛው የሚያስቸግረው ሰው፣ ተከራይ ሆኖ ለቤት ባለቤት ብቻ የሚሰጥ የሚመስለው ሰው፣ ደብዳቤውን አንብቦለት አጠገቡ የሚቀመጥ ይፈልጋል። የጣሪያ ጥገና ነኝ ብሎ በር እያንኳኳ ሙሉ ክፍያ በቅድሚያ የሚጠይቀውንም አብሮት ሆኖ የሚመልስለት ያስፈልገዋል።

እንግዲህ የኔ ምክር ይሄ ነው። የሰበሰባችሁትን ልብስ እዚያው ከተማችሁ ላለ ልብስ መሸጫ የእርዳታ ሱቅ ስጡት፣ የማይበላሸውን ምግብ እዚያው ላለ የምግብ ባንክ። ለነዳጅ ልታወጡት የነበረውን ገንዘብ አሁን ላኩ። ለሥራው ወፍራም ጓንት፣ ሶሉ ሚስማር የማያሳልፍ ቦት ጫማ፣ የዓይን መከላከያ፣ ለራሳችሁ የሚበቃ ውሃና ምግብ ያዙ፤ ከተጎዳው ሰው ድርሻ አትብሉ። አራት ሰው በአንድ መኪና ይበቃል፣ ሦስታችሁ ፍርስራሽ ታነሳላችሁ። አራተኛዋ እንግሊዝኛዋ ጥሩ የሆነ፣ ቅጽ መሙላት የማይሰለቻት ትሁን። በአራተኛው ሳምንት ብቻዋን መመለስ የምትችል ከሆነች ደግሞ ከሁላችሁም በላይ የምትፈለገው እሷ ናት።