ሥራው ሳያልቅ ማረፍ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰኔ አንዲት ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ ልትጠይቀኝ ቤት መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። አንድ ስኒ ቡና ጠጥታ ሳትጨርስ ስልኳ አራት ጊዜ ጠራ። ዕለቱ እሑድ ነበር። «ጋሼ፣ ይሄ በጀት መዝጊያ ይለፍና አርፋለሁ» አለችኝ።

እኔም በመንግሥት መሥሪያ ቤት 31 ዓመት ሒሳብ ሠርቻለሁ። ሰኔ 30 ሲደርስ ቢሮ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። «ሲያልቅ አርፋለሁ» እያልኩ ስንት እሑድ እንዳሳለፍኩ እግዜር ይቁጠረው። ሰኔ ይዘጋል፣ ሐምሌ አዲስ መዝገብ ይከፈታል። አያልቅም።

በአማርኛችን ሰው ሲሞት «አረፈ» እንላለን። ሥራው በእውነት የሚያልቅለት ያኔ ብቻ ነው። ሰንበት ግን በሕይወት ላለ፣ ሥራው ላላለቀለት ሰው የተሰጠ ዕረፍት ነው። ልነግራችሁ የፈለግኩት ይህንን ነው።

ኦሪት ዘፍጥረትን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ሰው የተፈጠረው በስድስተኛው ቀን ነው። በማግስቱ ሰንበት ሆነ። አዳም አንዲት ዛፍ እንኳ ሳይኮተኩት ዕረፍት ተቀበለው። ዕረፍት የሠራ ሰው ደመወዝ ቢሆን ኖሮ አዳም ምን ሠርቶ ይከፈለው ነበር? በምድረ በዳም እንዲሁ ነው። መናው በስድስተኛው ቀን እጥፍ ይለቀም ነበር። በሰባተኛው ቀን ሊለቅሙ የወጡት ምንም አላገኙም። ያ ሕዝብ ገና ከግብፅ ጡብ ሥራ መውጣቱ ነው። ማረፍን እንደ ሕፃን መማር ነበረበት።

እኛ አገር ይህ ቀን ብዙ ዋጋ ተከፍሎበታል። ቀዳሚት ሰንበት የፍጥረት ዕረፍት ናት፤ እሑድ ጌታ የተነሣበት ሰንበተ ክርስቲያን ነው። ሁለቱም ይከበሩ ያሉት የመነኩሴው የአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ለረጅም ዘመን ተገፍተዋል። ሁለቱም እንዲከበሩ ተወስኖ ነገሩ የተቋጨው እ.ኤ.አ. በ1450 በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ነው። በኋላ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው ቅዳሜ እንዳይከበር በአዋጅ ሲከለክሉ አገር ታመሰ። እ.ኤ.አ. በ1632 የቀድሞው ሃይማኖት ተመለሰና ልጃቸው ፋሲል ነገሡ። ጎንደርን የመሠረቱት እኒሁ ንጉሥ ናቸው። እናንተ ፎቶ የምትነሡበት ግንብ ያን ሁሉ ተከትሎ የመጣ ነው።

ከከተማችን ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው ወለቃ ደግሞ የአይሁድን እምነት የሚከተሉት ቤተ እስራኤላውያን ይኖሩ ነበር። ዓርብ ሲመሽ እሳት ይጠፋል፤ ቅዳሜ የሚበላው በዋዜማው የተሰናዳው ነው። የእኛ አከባበር ከዚህ ይለያል። ዐፄ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1555 በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ ላይ ይህን ለይተው አስቀምጠዋል። እኛ ቅዳሜን የምናከብረው ውኃ ባለመቅዳትና እሳት ባለማንደድ ሳይሆን ቅዳሴ በመቀደስና የፍቅር ማዕድ በመቁረስ ነው ብለዋል። ይህን ቃል እወደዋለሁ። ሰንበቴያችን ከዚያው ማዕድ የተቀዳ ይመስለኛል። ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ድሀው ከማኅበርተኛው እኩል ይቀመጣል።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ከብዙ ዓመት በኋላ እሑድ ቢሮ መሄድ ተውኩ። አስቀድሼ እመለሳለሁ፣ ጋቢዬን ደርቤ እቀመጣለሁ። ሰንበት አክባሪ ነኝ ብዬ ልቤ ሞልቶ ነበር። አንድ እሑድ ለልጆቼ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 5ን ጮክ ብዬ አነበብኩ። ሎሌህና ገረድህም እንደ አንተ ይረፉ ከሚለው ላይ ስደርስ ሠራተኛችን ረከቦቱን ይዛ ገባች። ዓይኗ ከጭሱ የተነሣ ያነባል። ጣቷ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ ተጣብቋል። ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥታ ነበር። ድምፄ ተያዘ። ትንሹ ልጄ «አባዬ፣ ቀጥል እንጂ» አለኝ።

የእኔ ዕረፍት በእሷ ጀርባ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ እሑድ የራሷ ቀን ሆነ። የመጀመሪያው እሑድ ምን እንደምታደርግ ግራ ገብቷት ደጃፉ ላይ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ዋለች። በሦስተኛው ነጠላዋን አጣፍታ ጓደኞቿ ጋ ሄደች።

ስለዚህ እሑድ ቀን ለሥራ ባልደረባችሁ «ይቺን ብቻ ላክልኝ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት እስኪ አስቡ። በቅዳሜ ገበያችን የምታዩት ገበሬ ያን ቀን ሞፈሩን አይነካም። በሬው እንኳ ያርፋል። የእናንተ ጓደኛ ከበሬ ያነሰ ነው?

ሐኪም ቤት ተረኛ የሆናችሁ፣ አትጨነቁ። ጌታ 18 ዓመት የጎበጠችውን ሴት ያቀናት በሰንበት ነው። የተፈታ ሰው አረፈ ማለት ነው። እናንተ ግን ከተረኝነቱ በኋላ ሌላ ቀን ውሰዱ፤ ሰው ናችሁ። እሑድን ብቻ የምታከብሩም ካላችሁ ልከራከራችሁ አልፈልግም። ጳውሎስ በሰንበት ምክንያት ማንም አይፍረድባችሁ ብሏል።

«ጋሼ፣ እንዴት ልጀምር?» ለምትሉኝ፣ እኔ ያደረግኩት እንዲህ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ድምሩ ቢገጥምም ባይገጥምም መዝገቡን ዘጋሁ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅልፍ ነሡኝ። 200 ብር የጎደለበት ሒሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ ሲዞር ያድራል። ሰኞ ጠዋት በአሥር ደቂቃ አገኘሁት። አንዳንዱን ግን ሰኞም አላገኘሁትም፤ ማክሰኞ ነው የተገኘው። እኔ ሳልጠብቀው ዓለም ቆሞ አደረ። ለካ የሚጠብቀው ሌላ ነው። እኔንም ጭምር።

ያቺን ልጅ በሚቀጥለው እሑድ ጠርቻታለሁ። የሰንበቴው ተራ የእኔ ነው። ጎንደር ያላችሁም ከቅዳሴ በኋላ ኑ፣ ስልካችሁን አጥፉና ቁጭ በሉ። ዳቦው ዓርብ ይደፋል። እንጨቱን የምፈልጠው እኔ ነኝ።