ዴይኬሩንና ሥራውን በአንድ ሰኞ አትጀምሪ

እህቴ፣ ከሁለት ወር በኋላ አገር ልትቀይሩ እንደሆነ፣ የ3 ዓመትና የ10 ወር ልጆች እንዳሉሽ፣ አንቺም ባልሽም ወዲያው ሥራ እንደምትገቡ ጽፈሻል። «ዴይኬሩን እዚያ ደርሼ ብፈልግ ይደርሳል ወይ?» ነው ጥያቄሽ። አይደርስም። ይህን የምትነግርሽ ደርሼ እፈልጋለሁ ብላ የሄደች ሰው ናት።

ሻንጣዬን ሳልፈታ ነበር መደወል የጀመርኩት። ስድስት ቦታ ደወልኩ። አምስቱ «ሞልቷል፣ ወረፋ እናስይዝሽ» አሉኝ። ስድስተኛዋ ሳቅ አለች። ለካ የሰፈሩ ሰው ገና እርጉዝ ሳለ ነው የሚመዘገበው! በተለይ ዓመት ላልሞላቸው ቦታ ማግኘት ጭንቅ ነው። በብዙ አገር አንድ ተንከባካቢ ከ3 ወይም ከ4 ሕፃን በላይ እንድትይዝ አይፈቀድላትም፤ ክፍሉ ወዲያው ይሞላል። ለትልቁ ቶሎ ይገኛል።

ስለዚህ ካለሽበት ሆነሽ አሁኑኑ ተመዝገቢ። ብዙዎቹ በኢሜይል ይቀበላሉ። አራት አምስት ቦታ ስም አስገቢ፤ የመመዝገቢያ ክፍያ ካለ ተመላሽ መሆኑን ጠይቂ። ከዚያ ዝም አትበዪ፣ በየሁለት ሳምንቱ «እየጠበቅን ነው» በያቸው። ቦታ ድንገት ነው የሚለቀቀው። ትልልቆቹ ልጆች ትምህርት ቤት የሚገቡበት ወር ላይ ደግሞ በብዛት ይከፈታል። ሌላው፣ ብዙ ቦታ እዚያው ወንድም ወይም እህት ላለው ልጅ ቅድሚያ ይሰጣል። ትልቁ ከገባ ለትንሹ ወረፋው ያጥራል። እኔ ሁለቱንም ካልወሰዳችሁ ብዬ ድርቅ በማለቴ አንድ ጥሩ ቦታ አመለጠኝ።

የክትባት ካርዱን ነገር አደራ። የልጄ ካርድ ላይ ቀኑ ቀድሞ ወሩ ተከትሎ ነበር የተጻፈው፤ 9/10 አንደኛው፣ 6/11 ሁለተኛው። የቢሮዋ ሴትዮ ወሩን አስቀድማ አነበበችው። በእሷ ንባብ ልጄ ሁለተኛውን ክትባት ከአንደኛው ሦስት ወር ቀድማ ወስዳለች። እሱን ለማስረዳት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ስታስተረጉሚ ወሩ በስሙ ይጻፍ። በ9 ወር የተሰጠ የኩፍኝ ክትባት ደግሞ ልጁ ዓመት ሳይሞላው የተወሰደ ስለሆነ አንዳንድ አገር አይቆጥሩትም፤ ይደገም ቢሉሽ አትደንግጪ።

ቤቷ ውስጥ ጥቂት ልጆች የምትይዝ ሴት ብታገኚ አትናቂያት። ፈቃድ ካላት ለትንሹ እንዲያውም እሷን እመርጣለሁ። ችግሩ እሷ ስትታመም ዴይኬሩም አብሮ ይዘጋል። ፈቃድ የሌላት ከሆነች ግን የፈለገ የኛ ሰው ብትሆን ይቅርብሽ፤ የመንግሥት ድጎማ ባለበት አገርም ብዙውን ጊዜ የሚከፈለው ፈቃድ ላለው ብቻ ነው።

ልታዪ ስትሄጂ የግድግዳው ሥዕል አይሸውድሽ። ልጅ ሲያለቅስ ማን ነው ጎንበስ የሚልለት? ሕፃናቱ በጀርባቸው ነው የሚተኙት? አልጋቸው ውስጥ ትራስና ልብስ ተከምሮ ካየሽ ውጪ። ሠራተኞቹ ስንት ጊዜ እንደቆዩም ጠይቂ፤ በየሁለት ወሩ ሰው የሚቀያየርበት ቦታ ልጅ ማንን ይልመድ?

አሁን ዋናው። እኔ ሥራም ዴይኬርም የጀመርኩት በአንድ ሰኞ ነው። ሴቷ ልጄ ያኔ 11 ወሯ ነበር። ከእናት መለየት በጣም የሚከብዳቸው እኮ በዚህ ዕድሜ ነው። ጥድፊያ ላይ ስለነበርኩ ኩቦቹን ስታይ ጠብቄ ሹልክ አልኩ። ትልቅ ስህተት። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ እንኳ ሽንት ቤት ስገባ በሩን እየቧጠጠች ትጠብቀኝ ነበር። ረቡዕ ትኩሳት ያዛት፣ ኑና ውሰዷት ተባልኩ። ትኩሳቱ ከጠፋ 24 ሰዓት ሳይሞላው አይቀበሉም። ሥራ በገባሁ በሦስተኛው ቀን አለቃዬን ፈቃድ ስጠይቅ ፊቱን ባየሽው!

የመጀመሪያዎቹ ወራት ልጆች ይታመማሉ፤ አዲስ ጀርም ነው፣ ሁሉም ቤት ያለ ነው። ስለዚህ ከአንዳችሁ ሥራ በፊት ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለዴይኬሩ ብቻ ተዉ። መጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት አብረሽው ተቀመጪ። ቀጥሎ ለሃያ ደቂቃ ውጪና ተመለሺ። ከዚያ እስከ ምሳ። ስትወጪ ቻው በዪው፣ ያልቅስ፤ ተደብቀሽ አትጥፊ።

ትልቁ ደግሞ ዝም ሊል ይችላል። ቋንቋ የማያውቅ ልጅ ለሳምንታት፣ ለወራትም አፉን ላይከፍት ይችላል፤ እየሰማ እያጠራቀመ ነው። የኔው ሦስት ወር ገደማ ዝም ብሎ ከረመ። ቤት ውስጥ በአማርኛችሁ ቀጥሉ፣ ለእነሱ ብለሽ አትተዪ። ለተንከባካቢዎቹ «ውሃ»፣ «ሽንቴ»፣ «አመመኝ» የሚሉትን በእነሱ ፊደል ጽፈሽ ስጪያቸው። እኔ የሰጠኋቸውን ወረቀት በሩ ላይ ለጥፈውት ነበር። አንዷ «ሽንቴ»ን «ሺንታይ» ነበር የምትለው። ልጄ በሳቅ ይፈነዳ ነበር፤ ግን ሱሪው ደረቅ ሆኖ ነው ቤት የሚመጣው።