የታጠበ ልብስ የመሰከረባት ከተማ

ልጆቼ፣

ባለፈው ወር የእኅቴ ልጅ ማታ ላይ ደወለችልኝ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ሁለት ዓመት አልሞላትም። አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቀጥሯት የፍሳሽ ማጣሪያውን እንድትከታተል ተመድባለች። «ጋሼ፣ ማጣሪያው ሌሊት ሌሊት ይጠፋል። መብራት ለመቆጠብ ነው ይላሉ። ጠዋት ስገባ ወንዙ ቀለም ይዞ ይወርዳል። ምን ላድርግ?» አለችኝ።

ወዲያው አልመለስኩላትም። ጥያቄውን አውቀዋለሁ። እኔም በእሷ ዕድሜ የማቅለሚያ ክፍል የፈረቃ ኃላፊ ሆኜ ገጥሞኛል፤ ያን ጊዜ የመለስኩት በዝምታ ነበር። የተሻለውን መልስ ያገኘሁት ዘግይቼ ነው፤ ያውም ከአገሬ ርቄ፣ በተራራና በባሕር መካከል በተጣበቀች አንዲት የጃፓን ከተማ። ለእሷም፣ ዘንድሮ ፋብሪካ ለገባችሁት ሁሉም ስለዚያች ከተማ ልንገራችሁ። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

ከተማዋ ኪታክዩሹ ትባላለች፤ «ሰሜን ክዩሹ» ማለት ነው። የክዩሹ ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ ላይ ትገኛለች። ሞጂ፣ ኮኩራ፣ ዋካማትሱ፣ ያዋታና ቶባታ የሚባሉ አምስት ከተሞች በ1963 ተዋሕደው የተፈጠረች ናት። ከትልቁ ደሴት ከሆንሹ የሚለያት የካንሞን ወሽመጥ ጠባብ ስለሆነ፣ ከባሕሩ በታች በተቆፈረ ዋሻ 780 ሜትር በእግር ሄዶ ማዶ መድረስ ይቻላል። ከከተማዋ ጀርባ 622 ሜትር ከፍታ ያለው የሳራኩራ ተራራ ቆሟል። እኔ ከሃያ ዓመት በፊት በጃይካ (በጃፓን መንግሥት የልማት ትብብር ድርጅት) በኩል ለሥልጠና ሄጄ ሁለት ወር ስቀመጥ፣ በመጀመሪያው እሑድ በገመድ በሚጎተተው ባቡር እዚያ ተራራ ላይ ወጣሁ። ቤቱ፣ የባቡር ሐዲዱ፣ ጭስ ማውጫው፣ መርከቡ በአንዲት ቀጭን መሬት ላይ ተደራርቦ ታየኝ። ቀዩ የዋካቶ ድልድይ ዶካይ የሚባለውን ሰላጤ ተሻግሮ ይታያል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ያ ሰማይ ስንት እንዳስከፈለ ያወቅኩት ከተራራው ከወረድኩ በኋላ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከብረት ነው። የያዋታ ብረታ ብረት ፋብሪካ በ1901 ሥራ ሲጀምር የመንግሥት ነበር። ንድፉም፣ መሣሪያውም፣ የመጀመሪያዎቹ ባለሙያዎችም ከጀርመን መጡ። ድንጋይ ከሰሉ ከቅርብ፣ ከቺኩሆ፣ የብረት ማዕድኑ ደግሞ ከቻይና ይመጣ ነበር። ታዲያ ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰበት ምድጃ አልሠራ አለ። በ1902 ቆመ። ኖሮ ካጌዮሺ የተባሉ ጃፓናዊ የብረት ሊቅ ተጠርተው መረመሩት። ምድጃው የተነደፈው ለሌላ አገር ከሰል ነበር። ከአካባቢው ከሰል ተጋግሮ የሚወጣው፣ ኮክ የሚባለው የምድጃ ነዳጅ እዚያ ውስጥ እንደተፈለገው አይሠራም። የምድጃው የውስጥ ቅርጽ ተለወጠ፣ የኮክ አጋገሩም ተሻሻለ። በ1904 እንደገና ተለኮሰ፤ መጀመሪያ ላይ ዳግም ቢሰናከልም፣ በዚያው ዓመት በወጉ መሥራት ጀመረ።

ይህን ታሪክ ቆም ብላችሁ እንድታስቡበት እፈልጋለሁ። እኛ አገር ፋብሪካ ውስጥ ስንት ማሽን አይቻለሁ፣ «አምራቹ እንዲህ ብሏል» ተብሎ መመሪያው እንደ ዳዊት የሚደገምለት፤ ውኃችንን፣ ጥጣችንን፣ የመብራታችንን መቆራረጥ ግን የማያውቅ። መመሪያውን አንብቡ፣ አክብሩት፤ ግን የጻፈው ሰው የእናንተን ውኃ እንዳልቀመሰ አትርሱ። ኖሮ ጀርመኖቹን አልናቁም። የአገራቸውን ከሰል መርምረው ምድጃውን አስተካከሉ።

ከዚያ በኋላ ያዋታ ተስፋፋች። በባላገር ጎጆ ላይ ጭስ ሲታይ «ሰው አለ፣ እንጀራ እየተጋገረ ነው» እንደምንለው፣ እነሱም ከፋብሪካው የሚወጣውን ጭስ «ባለ ሰባት ቀለም ጭስ» እያሉ ይኮሩበት ነበር። ጭስ ማለት ደመወዝ ነበር፣ ጭስ ማለት የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ነበር። ጭሱ ግን በሳንባም ይገባል። በ1965 በያዋታ ሺሮያማ በሚባለው ሰፈር በአንድ ወር ውስጥ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ እስከ 108 ቶን አቧራና ጥላሸት ወርዷል። የዶካይ ሰላጤ ደግሞ «የሞት ባሕር» የሚል ስም አገኘ። የፋብሪካዎቹ ፍሳሽ ኦክስጅኑን ጨርሶት ዓሣ አልነበረበትም።

መጀመሪያ የተነሡት መሐንዲሶች አልነበሩም፤ የቶባታ እናቶች ናቸው። በ1950 ናካባሩ በሚባል ሰፈር ያሉ ሴቶች ከአንድ የኃይል ማመንጫ የሚበተነው ጥላሸት ልብሳቸውን እያጠቆረ ቢያስቸግራቸው፣ ነጭ ጨርቅ ውጭ እያሰጡ የሚጠቁረውን መዘገቡ። እንደ እኛ እናቶች ነጠላ አጥበው ያሰጡ እንደሆነ አስቡት፤ ማታ ሲያነሡት ጥቁር። ማስረጃውን ይዘው ወደ ከተማው ምክር ቤት ሄዱ። ማመንጫው ጥላሸት የሚይዝ መሣሪያ ተከለ።

በ1960ዎቹ ደግሞ በዚያው በቶባታ ሳንሮኩ የሚባል ሰፈር ሴቶች ከዚህ አለፉ። የዩኒቨርሲቲ መምህር እንዲያስተምራቸው ጠየቁ። በየቦታው የሚወርደውን አቧራ ለኩ፤ የትምህርት ቤት መዝገብ ይዘው ልጆች የሚቀሩበትን ቀን ከአየሩ ሁኔታ ጋር አስተያዩ። በ1965 «ሰማያዊ ሰማይ እንፈልጋለን» የሚል ፊልም በትንሽ ካሜራ ራሳቸው ሠርተው ለሕዝብና ለባለሥልጣናት አሳዩ።

የብዙዎቹ ባሎች የሚሠሩት እዚያው ፋብሪካ ነበር። እኛ አገር ቢሆን «የበላችበትን ወጭት ሰባሪ» የምትባል ሴት ስንቷ በሆነች! ቤት ውስጥ ምን እንደተባባሉ መገመት አያቅትም። እነሱ ግን ፋብሪካው ይዘጋ አላሉም። ጭሱ ይያዝ ነው ያሉት። በእጃቸው የነበረውም ጩኸት ብቻ አልነበረም፤ ቀኑና መጠኑ የተጻፈበት ወረቀት ነበር። ይህን ስሰማ ከመሐንዲስነቴ ይልቅ የእናቴ ልጅነቴ ነው የተነካው። እናቴም ልብስ አጥባ ነው ያሳደገችኝ።

የተቀረውን ባጭሩ ላውጋችሁ፤ በማጽዳቱ ሥራ ብዙ እጅ ገብቶበታል። በ1972 ከተማዋ ከ54 ኩባንያዎች ጋር ስለ ሰልፈር ጭስ ውል ተዋዋለች። በሰላጤው ሥር የተከማቸውን በሜርኩሪና በሌላም መርዝ የተበከለ ዝቃጭ፣ 350 ሺህ ሜትር ኩብ ያህሉን፣ አወጡት፤ ከወጪው 71 ከመቶውን የሸፈኑት ኩባንያዎቹ ናቸው። ከ1972 እስከ 1991 ለብክለት መከላከያ የወጣው ጠቅላላ ገንዘብ ወደ 804 ቢሊዮን የን ደርሷል፤ ሁለት ሦስተኛው ከመንግሥት፣ የቀረው ከግል ኩባንያዎች። ዛሬ በዶካይ ከመቶ በላይ የዓሣና የሌሎች የባሕር እንስሳት ዝርያዎች ይኖራሉ።

ለእናንተ ለመሐንዲሶቹ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው። ጭሱ የቀነሰው በጭስ ማውጫ ላይ ማጣሪያ በመትከል ብቻ አልነበረም። አብዛኛው የመጣው ነዳጅ በመለወጥ፣ ሙቀት እንዳይባክን በማድረግ፣ አሠራሩን ከሥሩ በማስተካከል ነው። ያስጎበኙን ጡረታ የወጡ የብረት ሠራተኞች ናቸው። ከተማዋ እንዲህ ያሉ ሰዎችን አሰባስቦ ልምዳቸውን ለውጭ አገር ሰው የሚያካፍል ማኅበር ከ1980 ጀምሮ አላት። አንዱ ሽማግሌ በቧንቧ የሚያመልጠውን እንፋሎት በጣቱ እያሳየ ያ እንፋሎት ገንዘብ መሆኑን ያስረዳን ነበር። ካይዘን የሚባለው የጃፓኖች አሠራርን የማሻሻል ዘዴ ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ የመሣሪያ መደርደሪያ በቀለም መለየት፣ ግድግዳ ላይ ሠንጠረዥ መለጠፍ ለምደናል፤ ጥሩ ነው። የእኔ ቅሬታ ግን ሠንጠረዡ የፍሳሹን ቧንቧ ሳይደርስ መቅረቱ ነው። የሚባክን ቀለም፣ የሚባክን ጨው፣ የሚባክን ሙቅ ውኃ ወንዝ ከመግባቱ በፊት የፋብሪካው ንብረት ነበር። ማጣሪያ የሚያጠፋ ሥራ አስኪያጅ ስለ ወንዙ ባይሰማችሁ፣ በኪሎ የጠፋውን ቀለም አስልታችሁ ስታሳዩት ይሰማል።

ኪታክዩሹ ገነት ናት እያልኩ አይደለም። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ከተማዋም ተጎድታለች። ከአንድ ሚሊዮን በላይ የነበረው ሕዝቧ ዛሬ ከዚያ በታች ወርዷል፣ ወጣቱ ወደ ሌሎች ከተሞች ሄዷል። በ1972 ያቆመው የያዋታ ፋብሪካ የሂጋሺዳ ምድጃ «1901» የሚል ቁጥር ተለጥፎበት እንደ ሐውልት ቆሟል። አጠገቡ ስቆም ንጹሕ አየር ብቻውን ሥራ እንደማይሆን ታየኝ። ከተማዋም ይህን ታውቃለች፤ ከ1997 ጀምሮ በዋካማትሱ ዳርቻ የተጣለ ዕቃን መልሰው ጥሬ ዕቃ የሚያደርጉ ፋብሪካዎችን ማሰባሰብ ይዛለች።

አንድ ነገር ግን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። ኦገስት 9 ቀን 1945 አቶሚክ ቦምብ የጫነው አውሮፕላን መጀመሪያ የታዘዘው በኮኩራ ላይ እንዲጥል ነበር። ሦስት ጊዜ ዞረ፤ ደመናና ጭስ መሬቱን ሸፍኖ ኢላማው አልታይ አለው። ወደ ናጋሳኪ ሄደ። በዋዜማው ያዋታ በአየር ተደብድባ ስለነበር ከጭሱ ከፊሉ የእሷ ቃጠሎ ነው የሚሉ አሉ። ኮኩራ ውስጥ ዛሬ ለናጋሳኪ ሙታን በየዓመቱ ይጸለያል። ሰማዩ ጥርት ሲል የምትደሰት ከተማ፣ ሰማዩ ያልጠራበትን አንድ ጠዋትም ታስታውሳለች።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። የማቅለሚያው ክፍል ኃላፊ በነበርኩ ጊዜ ሌሊት ቫልቩ ሲከፈት አይቻለሁ። አንዳንዴም ራሴ ፈርሜአለሁ። ከታች ውኃ የሚቀዱ ሴቶች ነበሩ፤ በጠዋት ሰርቪስ ስወጣ እንስራ ተሸክመው አያቸዋለሁ። አልጻፍኩም፣ አልለካሁም። ሰው ሲጠይቀኝ «የበላይ ትእዛዝ ነው» እል ነበር። ይህን አሁን ላይ መናገር ቀላል ነው። ያኔ ግን ሦስት ልጆች ነበሩኝ፤ እናንተም ኪራይ እንዳለባችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ ነገ ተነሥታችሁ ከአለቃ ጋር ተጣሉ አልላችሁም።

ለእኅቴ ልጅ ያልኳት ይህን ነው፦ ዛሬ ማታ አትጨቃጨቂ። ደብተር ግዢ። ማጣሪያው የጠፋበትን ሰዓት፣ የተነሣበትን ሰዓት፣ የውኃውን ቀለም፣ የአሲዱን መጠን ጻፊ። በላስቲክ ጠርሙስ ናሙና ያዢ፣ ቀኑን ለጥፊበት። የባከነውን ቀለምና ጨው በኪሎና በብር አስይ። ከአንድ ወር በኋላ ብቻሽን ሳይሆን ከጥገናው ፎርማንና ከሒሳብ ክፍል ሰው ጋር ሆናችሁ ግቡ። ካልሰሙሽ ደብተሩን አትጣዪው፤ ሌላ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት አለ፣ ሌላ ቀንም አለ።

ትናንት በስልክ ፎቶ ላከችልኝ። የደብተሯ የመጀመሪያ ገጽ ነው። ሌሊት 7 ሰዓት ከ20፣ ጠፋ። ሌሊት 11 ሰዓት ከ40፣ ተነሣ። ቀለም፦ ጥቁር ሰማያዊ። ከታች በትንሽ ጽሑፍ፦ ድልድዩ ሥር ሦስት ሴቶች ልብስ ያጥቡ ነበር።